ለአጋዘን የሚበቃ ጥይት

ሴፕቴምበር 3፣ 1968

ዛሬ ቆረጥኩ። የድሮው ጠመንጃዬ ጡረታ ይውጣ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሠላሳ ዜሮ ስድስት ከሚባለው ጥይት ሌላ አጉርሼ አላውቅም፤ አባቴም ከሱ ሌላ አያምንም ነበር። አምና ግን ጉድ ሠራኝ። ያንን ትልቅ ወንድ አጋዘን ሦስት መቶ እርምጃ ላይ መታሁት፣ አልወደቀም። ከበድ ያለ ጥይት ቢሆን ኖሮ እዚያው ድፍት ይል ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ሰበብ የለውም።

ከሰዓት በኋላ ክላይድ ሱቅ ሄድኩ። ከፊት ሚስማርና ቀለም፣ ከጓዳ ጠመንጃና ጥይት ይሸጣል። ዳሌው እስኪከዳው ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት አብረን አድነናል።

«ከባድ ነገር ስጠኝ» አልኩት።

«ምን ያህል ከባድ?»

«መትቶ የሚጥል። መትቶ የሚያቆስል አይደለም።»

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አየኝ። «ኢቫር፣ የአምናውን እኮ አገኘኸው።»

«ሲመሽ ነው ያገኘሁት።»

ወደ ጓዳ ገባ። ከዚያ ሦስት መቶ ማግነም የሚሉትን ጠመንጃ አወረደልኝ። ጥይቱ የአውራ ጣቴን ውፍረት ያህላል፣ በርዝመት ይበልጠዋል። «ይሄ አጋዘን አይጥልም፣ አጋዘኑን ከነተራራው ነው የሚያነሳው» አለ። ሳቅኩለት። ጠመንጃውን ለሙከራ በውሰት ይዤ ወጣሁ።

ሴፕቴምበር 6

ዛሬ ቀኑ ደስ ይላል። ሸለቆው ውስጥ ያለው ቅጠሉን የሚያረግፈው ጥድ ጫፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። እንዲህ ሲሆን ሶልቬግ መስኮቱን ከፍታ «ሸተተኝ» ትል ነበር። ምን እንደሸተታት ተናግራ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም፤ ገብቶኝ ነበር።

መጀመሪያ ተራራ ላይ ይዣት የወጣሁት በ1934 ነው፣ በተጋባን በሦስተኛው ወር። ድንኳናችን ከመጋዝ ፋብሪካው የተጣለ ሸራ ነበር። ጨው ረስቼ ወጣሁ። አራት ቀን ጨው የሌለው የአጋዘን ጉበት በላን። አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ቤት ስንገባ ግን በኪሴ ሁሉ፣ በኮቴ፣ በሱሪዬ፣ በሰዓት ኪሴ ሳይቀር ጨው ሞላችብኝ። እስከ ገና ድረስ ጨው ስራግፍ ከረምኩ።

ካረፈች አሥር ወር ሊሆናት ነው። ዛሬ የድንች ቂጣ ልጋግር ሞክሬ ነበር። ውሻ የሚበላው ነገር ወጣኝ። ውሻ የለኝም።

ሴፕቴምበር 10

በማግነሙ አሥራ አምስት ጥይት ተኮስኩ። ትከሻዬ ጠቁሯል። ሸሚዝ ለማውለቅ ተቸግሬአለሁ። ዒላማው ግን በደንብ አልተመታም፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ። ገና አልለመድኩትም።

ሴፕቴምበር 11

ጠዋት ካፌው ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡት የፋብሪካው ልጆች፦

«ሽማግሌው ዝሆን ሊያድን ነው እንዴ?»

«ዝሆን የት አለ እዚህ?»

«የለማ! ተኩሱን ሰምቶ ሸሽቷል!»

እንዳልሰማ ሆኜ ቡናዬን ጨረስኩ። መጋዛቸውን ሠላሳ አንድ ዓመት የሞረድኩላቸው እኔ ነኝ። የነሱንም፣ የአባቶቻቸውንም።

ሴፕቴምበር 14

ሂሳብ።

4፡40 ረፋድ፣ ተኮስኩ። እዚያው ቢወድቅ፦
6፡00፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ሥጋው ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ያልቃል።
10፡00፣ ቤት። ገና ፀሐይ አለ።
የሆነው ግን፣ ከምሽቱ 3፡00 ቤት።
ልዩነቱ አምስት ሰዓት።

ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ጥይትን ለማወዳደር ነው። በግምት ከመምረጥ በቁጥር መምረጥ ይሻላል።

ሴፕቴምበር 19

ካሪን ደወለች። የኛ አንድያ ልጅ ሚዙላ ከተማ ነርስ ናት፣ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ።

«አባዬ፣ በኖቬምበር አንድ ሳምንት ፈቃድ አለኝ። አብሬህ ልውጣ።»

«አንቺ? ከአሥራ ስምንት ዓመትሽ ወዲህ መቼ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«ለዚህ እኮ ነው።»

«ጠመንጃውን ገና አልመረጥኩም።»

«ጠመንጃ ምኑ ይመረጣል? ያው የድሮው አለ አይደል?»

አይገባትም። እናያለን አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ድምፄ ቆጣ ብሎ እንደነበር ታወቀኝ። መልሼ ልደውልላት አስቤ ተውኩት።

ሴፕቴምበር 28

ክላይድ ሸወደኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ያደንኩት ሰው!

ከአሮጌው የድንጋይ ካባ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ወረቀት ሰቅለን ልንተኩስ ሄድን። እሱ ኮረቻ በሚያህል ትራስ ላይ ተቀምጦ ጥይት ያጎርሳል፣ እኔ እየተቀበልኩ እተኩሳለሁ። ሁለት ተኮስኩ፣ ሁለቱም ወደ ግራ ወደ ታች ሄዱ። ሦስተኛውን አቀበለኝ። አነጣጠርኩ፣ ምላጩን ሳብኩ። ቀጭ አለ እንጂ አልተኮሰም። አፈሙዙ ግን እንደደነበረ ፈረስ ወደ ታች ዘለለ፣ ዓይኔም ጭፍን አለ። ተኩስ ሳይኖር፣ ርግጫ ሳይኖር፣ ሰውነቴ ሁሉ ተኮማተረ።

ክላይድ ባሩድ የሌለው ባዶ ጥይት ነው ያጎረሰው።

«አየህ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«ምኑን?»

«ጥይቱ አይደለም፣ ኢቫር። ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት አንተ ትደነግጣለህ። ይኼን ይዘህ ትልቅ ጥይት ብትመርጥ ይበልጥ አርቀህ ነው የምትስተው።»

«ይኼ ጭራቅ ስለሚራገጥ ነው።»

የድሮውን ጠመንጃዬን ከመኪናው አወጣ። ለካ ቤቴ ሄዶ ወስዶታል። በሱም ባዶ ጥይት ደባልቆ ሰጠኝ። በሱም ያው ሆነ።

ምን እንዳልኩት ልጽፈው አልፈልግም። ዳሌውን የነካ ቃል ነው። ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ አላገዝኩትም። አንካሳ ሰው ትራስ ተሸክሞ ሲሄድ ቆሜ አየሁት።

ኦክቶበር 4

ዝናብ። ማንንም አላየሁም።

ሰው በሥራው ሊደነግጥ ይችላል? አንድም ቀን ደንግጬ አላውቅም። ጦርነት ሄጄ እንኳ ያስጠነቅቁኝ የነበረው ስላልደነገጥኩ ነው። ይኼ አምና የጀመረ ነገር ይሆን? አምና ያ አጋዘን ሲመታ ጥይቱ ወደ ኋላ፣ ሆዱ ላይ ነው የገባው። ሦስት መቶ እርምጃ ላይ ሆድ የምመታ ሰው አልነበርኩም። ያን ዕለት ጠዋት ሐሳቤ ሁሉ ቤት፣ ካሪን የምታስታምማት ሶልቬግ ጋ ነበር...

ወደ ሌላው። ሦስት ሠላሳ ስምንት የሚባል ጥይት እንዳለ ጋዜጣ ላይ አነበብኩ። ከማግነሙም ይከብዳል።

ኦክቶበር 9

በታችኛው መንደር ጠመንጃው ያለው ሰው አግኝቼ ሦስት ሠላሳ ስምንቱን ሞከርኩት። አንዴ ነው የተኮስኩት። የጠመንጃው መነጽር ወደ ኋላ ሄዶ ቅንድቤን ሰነጠቀው። ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ጎረቤቴ ሎቲ ባታየኝ ኖሮ እንዲሁ ቁስሌን ታቅፌ አድር ነበር። የመጋዝ ፋብሪካው ወጥ ቤት አለቃ የነበረች፣ ሰባ ዓመት ያለፋት ባልቴት ናት። ቅንድቤን አጥባ በፕላስተር አጣበቀችው።

«ይቺን ልጅ አስፈራርተህ ነው የምትጠብቃት? ካሪን ስትመጣ እንዲህ ሆነህ?»

«ይድናል።»

«ሶልቬግ ብታይህ ምን ትል ነበር?»

«ሶልቬግ አላየችኝም። አምናም አላየችኝም።» ቃሉ አመለጠኝ።

ሎቲ ፕላስተሩን አስቀመጠች። ከዚያ ያን የምትለውን አለች፣ ለሃምሳኛ ጊዜ፦ «በሰላም ነው ያረፈችው፣ ኢቫር። ልክ አንተ ልትመጣ ስትል። እስከ ምሽት ጠብቃህ ነበር።»

ለመጽናኛ እንደምትለው አውቃለሁ። አመስግኜ ሸኘኋት። የሂሳቡን ገጽ ከደብተሩ ገንጥዬ ደግሜ አየሁት። አምስት ሰዓት። ጠብቃኝ ነበር።

ኦክቶበር 20

ዛሬ አደን ተከፈተ። ጎህ ሳይቀድ መኪና ሁሉ ወደ ተራራው ሲያልፍ ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁ። ከ1934 ወዲህ የመክፈቻው ዕለት ተራራ ያልወጣሁት በጦርነቱ ዘመን ብቻ ነው።

ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። ክላይድ። በአንድ እጁ ምርኩዝ፣ በሌላው የፖም ኬክ።

«ሚስቴ ልካልህ ነው። እኔ አልላክሁም፣ ተቆጥቻለሁ» አለ።

«ግባ ተቆጥተህ።»

ኬኩን ግማሽ በላን። ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኩት። ስለ ዳሌው ያልኩትን። «እውነትህን እኮ ነው፣ በዚህ ዳሌ እኔ አጋዘኑን ሳይሆን አጋዘኑ ነው እኔን የሚከተለኝ» አለና ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ግን ውስጤ አልሳቀም።

ሲወጣ፣ በር ላይ ቆሞ፦ «ለአጋዘን የሚበቃው ምን ዓይነት ጥይት ነው ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ሱቅ ውስጥ ለገባ ሁሉ ስለክብደትና ስለፍጥነት እደሰኩራለሁ፣ ደንበኛ ደስ ይለዋል። ላንተ ግን እውነቱን ልንገርህ። ሳትጨፍን የምትተኩሰው ጥይት ይበቃል። ሌላው ወሬ ነው።»

ከዚያ መላውን ነገረኝ። ባዶ ጠመንጃ ያዝ፣ አፈሙዙ ላይ ሳንቲም አስቀምጥ፣ ምላጩን ሳብ። ሳንቲሙ እስከማይወድቅ ድረስ ተለማመድ። «በየቀኑ መቶ ጊዜ» አለኝ። «እኔ ደግሞ ለድሮው ጠመንጃህ ባሩዱን ቀንሼ ጥቂት ጥይት አዘጋጅልሃለሁ። አቅራቢያ ለሚተኩስ ሰው በደንብ ይበቃል። ሩቅ አትተኩስ፣ ያለቀ ነገር ነው።»

ኦክቶበር 23

መቶ ጊዜ። ሳንቲሙ ሰባ አንዴ ወደቀ።

ኦክቶበር 26

መቶ ጊዜ። ሠላሳ ስድስት።

ኦክቶበር 30

ዘጠኝ። ማግነሙን ለክላይድ መለስኩ።

ኖቬምበር 8

ካሪን ትናንት መጣች። በጣም እናቷን መስላለች፤ በመልክ አይደለም፣ በር ስትከፍት ነው። በትከሻዋ ገፍታ ነው የምትከፍተው።

ዛሬ የሆነውን በሥርዓት ልጽፈው።

ሻንጣ እያዘጋጀሁ ሳለ ቦት ጫማዬን ቅባት ልትቀባልኝ ጋዜጣ ፈለገች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ሁሉ ስታገላብጥ ያ ሂሳብ እጇ ገባ። ደብተሩ ውስጥ መልሼው መስሎኝ ነበር።

«ይሄ ምንድነው? ሰዓት ነው?»

«ተይው። የጥይት ነገር ነው።»

«የጥይት ነገር?» ደጋግማ አነበበችው። ጣቷን «ከምሽቱ 3፡00 ቤት» የሚለው ላይ አሳረፈች። «አባዬ፣ ይሄ እማዬ ያረፈችበት ቀን ነው።»

እንግዲህ ምን ልበል? ነገርኳት። ጥይቱ ቢያስተኛው ኖሮ አሥር ሰዓት ቤት እደርስ እንደነበር። ቢያንስ አምስት ሰዓት አጠገቧ ቁጭ እል እንደነበር። አጋዘኑን አቁስዬ ትቼው መምጣት እንዳልቻልኩ፣ በበረዶው ውስጥ ደሙን ተከትዬ ስዳክር እሷ በመስኮት ስትጠብቀኝ እንደነበር። ቃል በቃል እንዲህ አላልኩም። ቁርጥራጭ ነው ያወራሁት፤ ወረቀቱን ከእጇ ልወስድ እየሞከርኩ።

ካሪን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ማነው ምሽት ድረስ ነበረች ያለህ?»

«ሎቲ።»

«አባዬ።» እጄን ያዘችኝ። «እማዬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው ያረፈችው። ዶክተሩ ሰዓቱን ጽፎታል፣ ወረቀቱ እኔ ጋ ነው። አንተ ያኔ ገና አጋዘኑን አላየኸውም ነበር። ማንን ልላክብህ? የትኛው ተራራ ላይ እንዳለህ ማን ያውቃል? የምታውቅ መስሎኝ ነው። ወረቀቶቹን ሁሉ አስቀምጪልኝ ስትለኝ አንብበሃቸው መስሎኝ ነው!»

አላነበብኩም። ፖስታውን ሳልከፍት ነው የሰጠኋት።

ተነሥቼ ወደ ሎቲ ቤት ሄድኩ። ካፖርት እንኳ አልደረብኩም። ድንች ትልጥ ነበር።

«ሎቲ፣ በስንት ሰዓት ነው የሞተችው?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። አልዋሸችም። «ጠዋት ነው።»

«ታዲያ ለምን?»

«በረዶ ለብሰህ፣ እጅህ ላይ ደም ደርቆ በሩ ላይ ስትቆም ፊትህን አንተ አላየኸውም፣ እኔ ነኝ ያየሁት። ቀኑን ሙሉ የለችም ነበር ልበልህ? አፌ እምቢ አለኝ። ትንሽ ነው የቀረህ፣ ስትጠብቅህ ነበር ብል የሚቀልህ መሰለኝ። አንዴ ካልኩት በኋላ በምን ልመልሰው?»

«ዓመቴን በላሽው» አልኳት። ጮኼ ነው ያልኩት። ሰባ ዓመት ባለፋት ሴት ላይ፣ ቅንድቤን ባጠበችልኝ፣ ድንች በእጇ በያዘች ሴት ላይ።

አሁን ካሪን ተኝታለች። ሊቀልለኝ ይገባ ነበር፣ አይደለም? ሂሳቡ ሁሉ ፈረሰ። ማንኛውም ጥይት፣ ዝሆን የሚጥለውም ቢሆን፣ አንድ ደቂቃ አያመጣልኝም ነበር። ግን ጥፋቱ የጥይት በነበረ ጊዜ ቢያንስ የምለውጠው ነገር ነበረኝ።

ኖቬምበር 9

ከመውጣታችን በፊት ሎቲ ጋ ሄድኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር። በሩን ከፍታ አይታኝ «ቁርስ በልተሃል?» አለችኝ። አልበላሁም አልኳት። እንቁላል ጠበሰችልኝ። ቁጭ ብዬ በላሁ። ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝ፤ የፈለገችውም አይመስለኝም።

ኖቬምበር 10፣ ካምፕ

ብርድ። እጄ አይጽፍም። ዛሬ ማለዳ ወንድ አጋዘን ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ወጣ። ካሪን «አባዬ፣ ተኩስ!» አለችኝ በሹክሹክታ። አልተኮስኩም። ሩቅ ነው። ድሮ ለኔ ሩቅ አልነበረም።

«ተቆጨህ?» አለችኝ በኋላ።

«በጣም።»

ኖቬምበር 11፣ ካምፕ

ከወንዙ በላይ ያለው ገደል ጥግ ጀርባችንን ለዛፍ ሰጥተን ተቀመጥን። ሁለት ሰዓት ያህል አልተነቃነቅንም። የካሪን አፍንጫ ቀይ ሆኗል፣ ሳቅ አፍና ትይዛለች፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ልጅ ሳለችም ዝም ማለት ባለባት ቦታ ሁሉ ሳቅ ይመጣባት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናቷ ስንት ጊዜ ቆንጥጣታለች።

ዘጠና እርምጃ ላይ ከጥዶቹ መሃል ወጣ። ቀንዱ የአምናውን አያህልም፣ ወጣት ነው። ጎኑን ሰጠኝ። ሰደፉ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ያ መኮማተር ከታች ተነሥቶ ሲመጣ ተሰማኝ። አልተኮስኩም። ተነፈስኩ። አጋዘኑ ሣር ነጨ። እንደገና ተነፈስኩ። ምላጩን ስስብ ዓይኔ ክፍት ነበር፤ ፀጉሩ ላይ በረዶ ሲበተን አየሁት፣ ከፊት ክንዱ ጀርባ፣ ልክ በቦታው። ሠላሳ እርምጃ ሮጦ ተጋደመ።

ሰዓቴን አላየሁም።

ካሪን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔ ቢላዋዬን ስፈልግ ኪሴን ሁሉ ዳበስኩ። ጨው ይዤ ነበር። ማታ ጉበቱን ጨው ነስንሰን በላን።

ኖቬምበር 12

ወረድን። ሥጋው ጎተራ ውስጥ ተሰቅሏል። አንዱን እግር ለሎቲ፣ አንዱን ለክላይድ።

ዛሬ ዓመቷ ነው። መቃብሯ ሄድን፣ ብዙ አልቆየንም፣ ነፋስ ነበር። ስንመለስ ካሪን ሾርባ ስታማስል ከኋላዋ ቆሜ ጠየቅኳት። ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩትን።

«ያን ጠዋት እንዴት ነበር?»

ማንኪያውን አላስቀመጠችም። እያማሰለች ነገረችኝ።

«ሥቃይ አልነበራትም። አንድ ሰዓት አካባቢ ነቃች፣ ሻይ ፈለገች፣ ሁለቴ ብቻ ቀመሰችው። መስኮቱን ክፈቺልኝ አለችኝ። ብርድ ነው እማዬ ብላት ክፈቺው አለች። ከፈትኩት። ተራራውን አየች። ከዚያ "ላይ በረዶ ጥሏል?" አለችኝ። ሌሊቱን ጥሎ አድሯል፣ ተራራው ሁሉ ነጭ ነው አልኳት።»

«እ?»

«"ደግ" አለች። "እንግዲህ ዱካ አይጠፋበትም።" ሌላ አልተናገረችም።»

ሾርባው ፈላ። ካሪን ሁለት ሳህን አወረደች። እኔ መስኮቱ ጋ ሄድኩና ከፈትኩት፣ ብርድ ቢሆንም፣ እሷም ዝጋው አላለችኝም።